«ልጄ ሲጫወት ዋለ፤ ለምን ልክፈል?» ጎንደር ላይ ስለ ሕፃናት ትምህርት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዜሮ ክፍል ለብዙ ዓመት አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ጠያቂዎቼ ግን ጡረታ አላወጡኝም። ከቅዳሜ ገበያ ዘንቢል ይዤ ስመለስ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ የለቅሶ ድንኳን ሥር፣ የዕድር ስብሰባ ሰው እስኪሞላ ስንጠብቅ አንዱ «እትዬ፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» ይለኛል። ጠያቂው ከአዘዞ ይምጣ ከማራኪ፣ ጥያቄው ብዙም አይለያይም። እዚህ ያሰፈርኩት በብዛት የሚመላለሱትን ነው። ቁጥርና ዓመት ያለባቸው ከሰነድ የመጡ ናቸው፤ ፍርድ ያለባቸው የእኔ ናቸውና የማይስማማ ይሟገተኝ።

የጎንደር ሰው የሕፃናት ትምህርት ለአገር ቀዳሚ ጉዳይ መሆን አለበት ብሎ ያምናል?

በአፍ ከሆነ ሁሉም ያምናል። «ሕፃናት የነገ አገር ተረካቢ ናቸው» ሳይባል የተከፈተ የትምህርት ስብሰባ አላስታውስም። እኔ ግን የሰውን ሐሳብ ከኪሱና ስብሰባ ላይ ከሚያሰማው ድምፅ ማንበብ ይቀለኛል። ሁለቱ ደግሞ አንድ ነገር አይናገሩም።

ኪሱን እንይ። ጉልት ላይ ድንችና ሽንኩርት የምትሸጥ ጎረቤቴ የልጇን የኬጂ ክፍያ የምታወጣው የቤት ኪራይ ከመክፈሏ በፊት ነው። «አከራዬ ይታገሡኛል፤ ትምህርት ቤቱ አይታገሠኝም» ትላለች። ትልልቆቹን ልጆች ያለ ኬጂ ያሳደገ የቀን ሠራተኛ የመጨረሻውን ልጁን ተበድሮ ኬጂ ሲያስገባም አይቻለሁ። ስለዚህ ከየትም የመጣ ባለሙያ «ሕዝቡ ስለ ቅድመ አንደኛ ትምህርት ግንዛቤ የለውም» ሲል ይገርመኛል። ግንዛቤ የሌለው ሰው ከኪራዩ አያስቀድመውም።

ወደ ድምፁ ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። አንድ የወላጆች ስብሰባ ትዝ ይለኛል። ሰሌዳው ላይ ሦስት ነገር ተጽፏል፦ የአጥር ጥገና፣ ለ8ኛ ክፍል ተፈታኞች የቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት፣ ለዜሮ ክፍል ምንጣፍና ትንንሽ ወንበር። ከወላጅ የተዋጣው ገንዘብ ሁለተኛው ላይ አለቀ። ምንጣፉን የተቃወመ አንድም ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም አንድ አዛውንት ተነሥተው ሕፃናቱን መርቀዋል። ከምርቃቱ በኋላ «የሕፃናቱ በሚቀጥለው ዓመት ይታያል» ተባለ። የአምስት ዓመት ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ስድስት እንደሚሞላው ለማስረዳት እጄን አውጥቼ ነበር፤ ዕድሉ አልደረሰኝም።

ቀዳሚ ጉዳይ ማለት ሌላው ጉዳይ የሚጠብቅለት ማለት ነው። እኛ ዘንድ ጠባቂው ሁልጊዜ ሕፃኑ ነው። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለውን ተረት ከነአስተሳሰቡ የወረስነው ይመስለኛል፤ ከትንሽ ልጅ ቁም ነገር አይጠበቅም፣ እናም ለትንሽ ልጅ ቁም ነገር አይዋልለትም።

ኬጂ፣ ዜሮ ክፍል፣ አጸደ ሕፃናት፣ መዋዕለ ሕፃናት አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ?

ሰው እያቀላቀለ ነው የሚጠራቸው። «አጸድ» በግዕዝ የአትክልት ቦታ ነው። ጀርመናዊው ፍሬድሪሽ ፍሮብል በ1840 እ.ኤ.አ. ለትንንሽ ልጆች ማስተማሪያው ያወጣለት ስም ትርጉሙ «የልጆች የአትክልት ቦታ» ነበር፤ የአማርኛው ስም ያንኑ ይዟል፣ «ኬጂ»ም የዚያው ቃል ምኅጻር ነው። ልጄን ኬጂ አስገባሁ የሚል ሰው ሳያውቀው አትክልት ቦታ አስገባሁ ማለቱ ነው። የብዙዎቹን ግቢ ሲሚንቶ ሳይ ይህ ትዝ ይለኛል።

«መዋዕለ ሕፃናት» የሚለውን በደርግ ዘመን በየቀበሌው የተቋቋሙትን የሚያስታውሱ ሰዎች ይመርጡታል። ዛሬ በመሥሪያ ቤት ውስጥ ያሉ የሕፃናት ማቆያዎችም በዚህ ስም ይጠራሉ። ዜሮ ክፍል ደግሞ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው የአንድ ዓመት ክፍል ነው።

ከስሙ ይልቅ ታሪኩ ይጠቅማል። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቅድመ አንደኛ በወረቀት ላይ ነበረ፤ ማስፋፋቱ ግን በአብዛኛው ለግል ባለሀብት፣ ለሃይማኖት ተቋማትና ለማኅበረሰቡ ተትቶ ነበር። ውጤቱም በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአገር ደረጃ ጥቅል ተሳትፎው 5 በመቶ እንኳ አልሞላም። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ፣ ከዚያ በኋላ ዜሮ ክፍል በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ ተከፈተ፣ በ2008 ዓ.ም. ተሳትፎው ግማሽ ገደማ ደረሰ። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን የሁለት ዓመት አደረገው።

ከ5 ወደ 50 በስምንት ዓመት መድረስ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ክፍሉ የተገኘው ከየት ነው ብላችሁ ጠይቁ። ለእኔ የተሰጠኝ የተሰባበረ ዴስክ ይከማችበት የነበረ ክፍል ነው። ዴስኮቹ ወጡ፣ እኛ ገባን።

ልጄን ስንት ዓመቱ ላይ ላስገባው?

በአሁኑ ፖሊሲ ቅድመ አንደኛ 5 እና 6 ዓመት ነው፤ አንደኛ ክፍል 7 ዓመት። ዕድሜውን አሳንሳችሁ ወይም ጨምራችሁ አትምጡ። ፊት ላይ ያስታውቃል።

የ12ኛ ክፍል ውጤት እንዲህ ተበላሽቶ እያለ ሕፃናት ላይ ማተኮር ምን ይሉታል?

ከሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ ይህን አከብረዋለሁ፤ ጠያቂው ልጁ ወድቆበት ሊሆን ይችላልና። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ያኔ ጎንደር ውስጥ ስለ ሌላ ነገር የሚያወራ ቡና ጠጪ አልነበረም።

አሁን ሌላ ቁጥር ልጨምር። የዓለም ባንክ «የመማር ድህነት» የሚለው መለኪያ አለ፤ አሥር ዓመት ሞልቶት ቀላል ጽሑፍ አንብቦ መረዳት የማይችል ልጅ ምን ያህል እንደሆነ ይቆጥራል። ለኢትዮጵያ ያስቀመጠው 90 በመቶ ነው። አሥር ዓመት ማለት አራተኛ ክፍል ገደማ ነው። አራተኛ ክፍል ላይ ማንበብ ያልቻለ ልጅ ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ሁሉ በሌላ ሰው ደብተር ነው የሚሄደው፤ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ እንዲሰጥ ሲደረግና ደብተሩ ሲወሰድበት ምን እንደሚሆን አየን።

የ2014 ተፈታኞች በአብዛኛው በ1996 ዓ.ም. ገደማ የተወለዱ ናቸው። አምስት ዓመት ሲሞላቸው 2001 ነው፤ ቅድመ አንደኛ የሚገባው ከመቶ አምስት ባልሞላበት ጊዜ። ውድቀቱን ያመጣው ይህ ብቻ ነው አልልም፤ የመጽሐፍ እጥረቱ፣ የመምህሩ ኑሮ፣ ኩረጃው ሁሉ አለበት። ግን ጣሪያው ሲያፈስ ሁሉም ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሲጮህ ከግድግዳው ሥር የገባውን ውሃ የሚያየው ማን ነው?

እኛ ከየኔታ ዘንድ ነው ፊደል የቆጠርነው። ኬጂ ሳንገባ ምን ጎደለብን?

ይህን የሚጠይቁኝ ብዙ ጊዜ አባቶች ናቸው፤ «አንቺ ልጅ፣ እኛ እኮ…» ብለው ነው የሚጀምሩት፣ ፀጉሬ መሸበቱን ሳያዩ። እውነታቸውን ነው። የአቋቋም መምህራን መፍለቂያ በሆነች ከተማ፣ ከደብሩ ሥር ሁሉ የፊደል ተማሪ ድምፅ ሲሰማ በኖረባት ከተማ፣ የሕፃናት ትምህርት ከውጭ የመጣ ነገር ነው ማለት ነውር ነው። ልጁ አራትና አምስት ዓመት ሲሞላው በስንደዶ እየጠቆመ ሀሁ ይቆጥራል፣ ወደ አቡጊዳ ያልፋል፣ ፊደለ ሐዋርያ ይቀጥላል፣ ከሰመረለት ዳዊት ይደግማል። አዲስ ዓለም ሰፈር ደግሞ እኩያው ሉህ ይዞ አሊፍ ባ ታ ይላል። ቅድመ አንደኛ የተባለው ነገር ጎንደር ውስጥ ከፋሲል ግንብ ጋር በዕድሜ ይስተካከላል ብል ብዙ አልሳሳትም።

የኔታ ቤት የነበረውንና ዛሬ የጠፋውን ልናገር። አንደኛ፣ ማንም ልጅ በጓደኛው ፍጥነት አይነዳም ነበር። ሀሁን የጨረሰ ያልፋል፣ ያልጨረሰ ይቆያል፣ «ወደቀ» የሚባል ቃል የለም። ሁለተኛ፣ ከፍ ያለው ታናሹን ያስቆጥራል። ትምህርት ሚኒስቴር ከዩኒሴፍ ጋር «ከልጅ ለልጅ» ብሎ ያመጣው መርሐ ግብር፣ ትልልቅ ተማሪዎች የሰፈራቸውን ሕፃናት በጨዋታ የሚያዘጋጁበት፣ ለእኔ አዲስ አልነበረም። ስሙን ሳነብ ሳቅሁ፤ የኔታ በሰሙት እንዴት ይገረሙ ነበር።

የጎደለው ምን ነበር? ሴት ልጅ ብዙ ጊዜ አልነበረችም። ጥያቄ መጠየቅ አልነበረም፤ የሚጠየቀው ተማሪው ነው። አለንጋ ግን ነበር፤ አባቶች ይህን እየሳቁ ያወሩታል፣ እየሳቁ ያወሩት ሁሉ ያላመማቸው ይመስላል። ደግሞ ስለ ራሳቸው የሚነግሩኝ ዳዊት የደገሙት ናቸው። በሦስተኛው ቀን በፍርሃት ሮጦ የቀረው ልጅ የት እንደደረሰ የሚነግረኝ የለም።

ልጄ ዓመቱን ሙሉ ሲጫወት ነው የዋለው፤ ደብተሩ ባዶ ነው። ለምን ልክፈል?

እዚህ ላይ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ።

ወላጁ ልክ ነው፤ የከፈለበትን ማየት ይፈልጋል፣ የሚታየው ደግሞ ደብተር ነው። አንዲት እናት ቀይ እስክሪብቶ የሌለበት ገጽ እያገላበጠች «ይኼ ምን ዋለ ልበል?» ስትለኝ መልስ አጥቼ ነበር። በማግስቱ ምን እንዳደረግሁ ልናዘዝ፦ የልጁን እጅ በእጄ ይዤ አንድ ገጽ ሙሉ «ለ» አጻፍሁት። ልጁ ጣራ ጣራ ያያል፣ እጁ እየሠራ ነው። እናቱ ደስ አላት። ያ ገጽ የእኔ እንጂ የእሱ አልነበረም። ይህን የማያደርግ የኬጂ መምህር ካለ ላመሰግነው እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ወላጅ ልጁን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሲወስድበት ባለቤቱ የሚጠይቀው እሱን ነው።

የአራት ዓመት ልጅ የእጁ አጥንትም ጡንቻም ገና ነው። እርሳስ ከመያዙ በፊት ጭቃ መጠፍጠፍ፣ ዶቃ መሰካት፣ ሽሮ መልቀም ይበጀዋል። ቅልልቦሽ ስትጫወት አንዷን ጠጠር አየር ላይ ጥላ ሌሎቹን ሁለት ሁለት እያደረገች የምታነሣ ልጅ ሒሳብ ላይ ናት። ገበጣ የሚጫወት ልጅ ደግሞ ጠጠሩ የት እንደሚያልቅ አስቀድሞ ማሰብ አለበት፤ አልጀብራ የሚያስቸግራቸው የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ይህን የለመዱ ቢሆኑ ምናለ እላለሁ። ሰኞ ማክሰኞ በአንድ እግር መቆምና የቀናት ቅደም ተከተል ነው። እንቆቅልሽማ ትልቁ ነው። «እንቆቅልሽ»፣ «ምን አውቅልህ»፣ ካልታወቀ «አገር ስጠኝ»። አንድ ትንሽ ልጅ አዘዞን፣ ጭልጋን፣ ደባርቅን፣ ባሕር ዳርን አንድ በአንድ ሰጥቶ ሲጨርስ «ጎንደርን ግን አልሰጥም» ብሎ ያለቀሰው የእኔ ክፍል ውስጥ ነው። ያ ልጅ ጂኦግራፊ ተምሯል፣ ተራ መጠበቅ ተምሯል፣ መሸነፍም ተምሯል፤ ደብተሩ ባዶ ነበር።

ለዚህ ነው የሕዝብ ድጋፍ ሲበዛ ብቻውን የማያስደስተኝ። ሰው ሁሉ «የሕፃናት ትምህርት ይቅደም» ብሎ ቢነሣና መንግሥት ቢሰማው፣ ሕዝቡ የሚለካው በደብተር ከሆነ የሚመጣው አንደኛ ክፍልን ሁለት ዓመት ወደ ታች ማውረድ ነው። ልጁ በሰባት ዓመቱ የሚሰለቸውን በአምስት ዓመቱ ይሰለቻል።

እንግሊዝኛ ከአሁኑ ካልጀመረ አይዘገይም?

አይዘገይም። በሚናገርበት ቋንቋ ማንበብ የቻለ ልጅ ሁለተኛው ቋንቋ ይቀለዋል። ፊደላችን 33 በ7፣ ማለትም 231 ነው፤ እሱን ለመልመድ ዕረፍትና ጊዜ ይፈልጋል። «አፕል» የሚለውን ቃል በሥዕል አውቆ፣ ፍሬውን ቀምሶ የማያውቅ፣ ገብስና ስንዴ ግን የማይለይ ልጅ አጋጥሞኛል። የኬጂው ማስታወቂያ ላይ ያለው የውጭ አገር ሕፃን ፎቶግራፍ ልጁን እንግሊዝኛ አያስተምረውም።

ጥቅሙ በጥናት ተረጋግጧል ወይስ ዝም ብሎ ይወራል?

ተረጋግጧል፤ ግን በቅድመ ሁኔታ። በብዛት የሚጠቀሰው በአሜሪካ ሚሺጋን፣ ይፕሲላንቲ ከተማ፣ ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ123 የድሃ ቤተሰብ ልጆች ላይ የተደረገው የፔሪ ጥናት ነው። ገሚሱ ጥሩ ቅድመ አንደኛ ገባ፣ ገሚሱ አልገባም፣ ከዚያ አርባ ዓመት እስኪሞላቸውና ከዚያም በላይ ተከታተሏቸው። የገቡት የተሻለ ተምረዋል፣ የተሻለ ደመወዝ አግኝተዋል፣ ወንጀል ውስጥ የገቡትም ያንሳሉ። በ2000 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ጄምስ ሄክማን ወጪውንና ጥቅሙን አስልቶ በዓመት ከ7 እስከ 10 በመቶ ይመልሳል ብሏል። ባንክ ከሚሰጠን ወለድ ጋር አስተያዩት።

ደጋፊዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። እኔ ሁለተኛውንም እናገራለሁ። እዚያው አሜሪካ፣ ቴነሲ ግዛት ውስጥ ሦስት ሺህ ገደማ በሚሆኑ ልጆች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በ2022 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት፣ የመንግሥት ቅድመ አንደኛ የገቡት ልጆች ስድስተኛ ክፍል ሲደርሱ ካልገቡት በፈተና ዝቅ ብለው፣ በሥነ ምግባር ችግርም በዝተው ተገኙ። ፔሪ ውስጥ ለጥቂት ልጆች የሠለጠነ መምህር ነበረ፤ መምህሩ በየሳምንቱ ቤታቸው ድረስ ይሄድ ነበር። ክፍል መክፈት ብቻውን ምንም ላያመጣ፣ እንዲያውም ሊጎዳ እንደሚችል ቴነሲ ያሳየ ይመስለኛል። በአንድ ክፍል ሰማንያ ልጅ ይዤ ያስተማርሁባቸውን ዓመታት ሳስብ የትኛው ጥናት ውስጥ እንደምመደብ አላጣውም።

ከትምህርት በፊት ምግብና ሰላም አይቀድምም?

ይቀድማል። ደግሞ አንዱን ከሌላው መነጠል አይቻልም። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ልጆች 37 በመቶ የቀነጨሩ ነበሩ፤ በአማራ ክልል 41 በመቶ። መቀንጨር ቁመት ብቻ አይደለም የሚያስቀረው። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ያወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን በ2022 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ መቀንጨርን እናጠፋለን ብሏል፤ ጊዜው ሩቅ አይደለም። ያለ ቁርስ የመጣ ልጅ አራት ሰዓት ላይ ምንጣፍ ላይ ይተኛል፣ እኔም አልቀሰቅሰውም ነበር። የአዲስ አበባ መንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ ሲጀምሩ እዚህ ያሉ እናቶች «እኛስ?» ብለው ጠይቀዋል፤ ከሰማኋቸው የሕዝብ አስተያየቶች ሁሉ አጭሩና ግልጹ እሱ ነው።

ስለ ሰላም ብዙ መናገር አልፈልግም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ በተከፈተውም ልጁን የሚልክ ወላጅ ጆሮው መንገድ ላይ ነው። ትልቁ ተማሪ ያመለጠውን በማታ ሊያካክስ ይሞክራል። ስድስት ዓመቱን ቤት ውስጥ ያሳለፈ ልጅ ግን ያንን ዓመት የሚመልስለት የማታ ክፍል የለም። የተኩስ ድምፅ ሲሰማ «ርችት ነው» እያልን ያሳደግናቸው ልጆች አንድ ቀን እንዳልነበረ ያውቃሉ።

ትንሽ ልጅ መያዝ የእናት ሥራ አይደለም እንዴ?

አባት የሚባል ሰው እንዳለ አስታውሼ ልጀምር።

ሕጉ በተወሰነ ደረጃ አስቦበታል። የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊትና በኋላ በድምሩ 120 ቀን ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ደግሞ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዝዞ ነበር። ጉልት ለምትቸረችር፣ እንጀራ ለምትጋግር፣ ሰው ቤት ልብስ ለምታጥብ ሴት ግን መሥሪያ ቤቷ መንገዱ ነው። ሕፃኑ ወይ ጀርባዋ ላይ ነው፣ ወይ ከዘጠኝ ዓመት እኅቱ ጋር ቤት ቀርቷል፤ ያቺ እኅት ደግሞ ከሦስተኛ ክፍል ቀርታለች። ቅድመ አንደኛ ሲከፈት ሁለት ልጅ ነው ትምህርት ቤት የሚገባው የምለው ለዚህ ነው። አያት ካለች ችግሩ ይቀላል፤ አያት ያለችው ግን ሁሉም ጋ አይደለም፣ ካለችም ጉልበቷ ያማታል።

ገጠሩስ?

ደንቢያ ወይም ላይ አርማጭሆ ያለ የአምስት ዓመት ልጅ ሩቅ ያለ ትምህርት ቤት ብቻውን አይሄድም፤ ወንዝ አለ፣ ውሻ አለ። ትምህርት ቤቱ ወደ ልጁ መቅረብ አለበት፤ ዛፍ ሥር፣ ደጀ ሰላም አጠገብ፣ በአንድ የሠለጠነች የቀበሌው ልጅ። የከተማ ሕንፃ እዚያ መሥራት እስኪቻል መጠበቅ ልጁን አያስጠብቀውም።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

በኅዳር 2015 ዓ.ም. ታሽከንት ላይ በዩኔስኮ ጉባኤ አገሮች ከትምህርት ወጪያቸው ቢያንስ 10 በመቶውን ለቅድመ አንደኛ ለማዋል ተስማምተዋል። ይህ ለትምህርት ቤቱ ስብሰባ ጥሩ መነሻ ነው፦ ከእኛ ትምህርት ቤት በጀት ከአሥር ብር አንዱ ዜሮ ክፍል ይደርሳል ወይ ብሎ መጠየቅ። እኔ ጠይቄ ነበር። ርእሰ መምህሩ ጥሩ ሰው ነው፤ ጠመኔ እንደሚሰጠኝ ነገረኝ።

ማስተማሪያው ራሱ ውድ አይደለም። ቆርኪ፣ ጭቃ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ ካርቶን። ውዱ ነገር መምህሯ ናት፤ የዜሮ ክፍል መምህርት ጀማሪ ናት ተብላ ዝቅተኛ ደመወዝ ይከፈላታል፣ ስትሻሻል ወደ ላይኛው ክፍል ትዛወራለች። ጥሩ ከሆነች ሕፃናቱ ያጧታል።

ዘንድሮ የትኛው ትምህርት ቤት ላስገባው?

ስም አልጠራም። እንዲህ አድርጉ እላለሁ፦ ለምዝገባ በተጠራችሁበት ቀን ሳይሆን በሌላ ቀን፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሂዱ። መጀመሪያ ሽንት ቤቱን ዕዩ፤ ቀዳዳው ለትልቅ ሰው የተሠራ ከሆነ ትንሽ ልጅ ይፈራዋል፣ እስከ ስድስት ሰዓት ይዞ ይቆያል፣ ይዞ የተቀመጠ ልጅ ደግሞ ምንም አይማርም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባት ከተማችን የእጅ መታጠቢያ በርሜል አለ ወይ? ከዚያ በር ላይ ቆማችሁ ስሙ። ሁሉም በአንድ ድምፅ እየጮኹ ከሆነ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያስበው። ፍጹም ጸጥ ካለ ፈርተዋል። የተዘበራረቀ ድምፅ፣ የሚሟገት ሁለት ልጅ፣ ጥግ ላይ ለብቻዋ የምታንጎራጉር አንዲት፣ መሬት ላይ ተንበርክካ ከአንዱ ጋር የምታወራ መምህርት ካያችሁ መዝገቡን አስመጡ፤ ቀሚሷ ጉልበቱ ላይ አፈር ካለበት ደግሞ ክፍያውን ብዙ አትከራከሩ።